ሁለተኛዋ ፊሽካ

ይድረስ ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ? ሲበርድ አሁንም ይጠዘጥዝሃል ወይስ ትንሽ ተወት አድርጎሃል? እንቅልፍስ ትተኛለህ? የክፍልህ ግድግዳ ከሥሩ እያላበ ፍራሽህን እንደሚያረጥብብህ ለእማዬ ነግረሃት ነበር፤ እሷ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የኛን ግድግዳ ትዳስሳለች። አክስታችን እንዴት ናት? ባለቤቷስ ሳላቸው ተሻላቸው? ትንሹ ልጃቸው አሁንም ምርኩዝህን እየወሰደ ፈረስ ነው እያለ ይጋልብባታል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የጎደለን ነገር ቢኖር ጠዋት ጠዋት አንድ እግር ጫማ ጠፋብኝ እያልክ ቤቱን የምታተራምሰው ነገር ነው። አሁን ቤታችን ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውን ግን ማንም አልወደደውም።

ይህን የምጽፍልህ በሥራ ግቢያችን፣ በትንሿ ቢሮ፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ እጄ ከብዕር ስለራቀ ፊደሎቼ ቢንጋደዱ አትሳቅብኝ። የስልኩን ነገር ስነግርህ ግን መሳቅህ አይቀርም። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ የምትገባው እህትህ የአባዬን ቡድን ስልክ የምታነሳ ሆናለች። ፊት ለፊት ቢሆን አልችለውም ነበር፤ በስልክ ግን ማንም አያየኝም። መኪናው የት ነው የወደቀው፣ የተጎዳ ሰው አለ፣ በጎማው ነው ያለው ወይስ በጀርባው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በመስኮት ለአስር አለቃ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ። ክሬኑን ዛሬም እሳቸው ናቸው የሚያንቀሳቅሱት። «ይህች ልጅ ድምፅዋን የምታወጣው ለባለጉዳይ ብቻ ነው፤ ለኛ ተርፎን አያውቅም» እያሉ ይቀልዱብኛል። ረጅሙ ጓደኛህ ሸምበቆም እንዳለ ነው፤ አሁንም በዚህ በር በገባ ቁጥር ግንባሩን ይመታል፤ አሁንም በሩን ይሰድባል።

የምጽፍልህ ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ለአባዬ በስልክ «አንተም ይህን ሥራ ካልተውክ ከእንግዲህ አልደውልም» ካልከው ወዲህ አንድም ቀን አልደወልክም። አልፈርድብህም። በሆስፒታሉ ኮሪደር አልጋህን እየገፉ ሲወስዱህ አባዬ ያለህን እኔም አጠገባችሁ ቆሜ ሰምቻለሁ። የቡድኑ ዓይን አንተ ነበርክ፤ ሌሎቹ ሲሠሩ ፊትህን ወደሚመጣው መኪና አዙረህ፣ ፊሽካ በአፍህ ይዘህ የምትቆመው አንተ ነበርክ። እሱም «ምነው ቀደም ብለህ ብትነፋ» አለህ። ያንን ቃል በሆድህ ይዘህ እንደሄድክ አውቃለሁ። ስለ ሌላ ነገር ስታወራ እንኳ ያ ቃል አጠገብህ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። አባዬም ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም። እማዬ «እሱ ራሱ ይንገረው እንጂ ምን አገባን» ትላለች። እሱን ብንጠብቅ ግን ክሬኑ አፍ አውጥቶ ይቀድመዋል። ስለዚህ እኔው ልንገርህ።

ሕጉ ጸደቀ ወንድምዓለም። የተጋጨ መኪና ከመንገድ የሚያነሱ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣልን። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ብቻ ይሰጥ የነበረው ክብር ለኛም ቢጫ መብራት ተሰጠ። እንዴት እንደሆነ ስታነብ እንዳትቆጣኝ፤ ነገሩን ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ ያቃናሁትም እኔ ነኝ፣ ሁለቱንም ሳላስበው።

አንተ ከሄድክ በኋላ ከከተማው ወዲያ ማዶ የሚሠራ የሌላ ቡድን ሰው እንዳንተው መንገድ ዳር ተመታ። እሱ አልተረፈም። ያን ጊዜ የምክር ቤቱ ሰዎች ረቂቅ ሕግ አዘጋጁና ነገሩ የሚመለከታችሁ ሁሉ መጥታችሁ ሐሳባችሁን ስጡ ብለው ጠሩ። ቡድኖቹ ተሰብስበው አባዬን ወኪል አደረጉት። እንቢ ብሎ ነበር። አስር አለቃ «አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ፤ እኔ ከሄድኩ ደግሞ ምን እንደምናገር አንተ ታውቃለህ» ሲሉት እያጉረመረመ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያበቃ ክሬኑ ፊት ቆሞ «የተከበራችሁ» እያለ ይለማመድ ጀመር። እኔ በመስኮቱ ስሰማው ስሰማው ንግግሩ በቃሌ ገባ። ይህንን ሲያውቅ «እንግዲያው ከጎኔ ተቀመጪ፤ ከረሳሁ ቀስ ብለሽ ሹክ ትይኛለሽ» አለኝ። ሹክ ማለት እችላለሁ። የማልችለው ከዚያ ከፍ ያለውን ነው።

የስብሰባው ቀን ብታያቸው አትለያቸውም ነበር። አባዬ የሠርጉን ፎቶ የተነሳበትን ጥቁር ኮት ለበሰ፤ ትከሻው ላይ ጠቦት ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ነበር የሚሄደው። ሸምበቆ ከግቢያችን በያጅ ከረባት ተውሶ አስሮ አንገቱን ማዞር አቃተው። አስር አለቃ ጫማቸውን አስጠርገው ጭቃ እንዳይነካባቸው በጣታቸው ይራመዱ ነበር። እኔ ደግሞ ከመውጣታችን በፊት ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ያንተን ፊሽካ አውርጄ ኪሴ ከተትኩ። ትንሽ ሳለሁ ስፈራ «ጥርስሽ መሃል ያዢያት፣ ጥርስሽ አይንቀጠቀጥም» እያልክ ትሰጠኝ የለ? ለዚያ ነበር የወሰድኳት፣ ለሌላ ለምንም አይደለም።

አዳራሹ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ነው። ከፊት ከፍ ብሎ ሰብሳቢዋና ሌሎቹ አባላት ይቀመጣሉ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ማይክሮፎን የተቀመጠበት ጠረጴዛ አለ፤ ተናጋሪው እየተጠራ እዚያ ይቆማል። ከኛ በፊት የመኪና ባለንብረቶች ወኪል ተናገሩ። ጥሩ ልብስ የለበሱ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ናቸው። መንገድ የተሠራው ለመሄድ ነው፣ ሹፌር ሁሉ ለቆመ ክሬን ፍጥነት ይቀንስ ከተባለ ከተማው በሙሉ ይቆማል አሉ። አምቡላንስ ነፍስ ይጭናል፣ እነዚህ የሚጭኑት ብረት ነው አሉ። ቀጥለው ፈገግ ብለው «ደግሞስ ሕዝቡ ያወጣላቸውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን» ሲሉ ከኋላ አንዱ «ጥንብ አንሳ» ብሎ ጨመረላቸው። አዳራሹ ሳቀ። አንተም ታውቀዋለህ ያንን ስም፤ መንገድ ላይ በመስኮት ሲወረውሩልን የኖሩት ነው። የአስር አለቃ የአንገት ሥር ተገትሮ አየሁት። ሸምበቆ ክርናቸውን ይዞ «ዛሬ አይደለም አስር አለቃ፣ ዛሬ አይደለም» ይላቸው ነበር።

ከዚያ አባዬ ተጠራ። ከጠረጴዛው ኋላ ቆመ፣ እኔም ከጎኑ አንድ ወንበር ተሰጠኝ። «የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት» አለና ቆመ። ረሳ ብዬ ልነግረው ቀና ስል ፊቱን አየሁት። አልረሳም ነበር። በንግግሩ ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ልጄ» የሚለው ነበር፤ እሱን ቃል ማለፍ አቃተው። ክሬኑ ፊት ሲለማመድ ይለው ነበር፣ ሰው ፊት ግን አልወጣለትም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ፍርሃቱ ሲበረታብኝ ፊሽካዋን ከኪሴ አውጥቼ፣ በእጄ ከልዬ፣ ጥርሴ መሃል ያዝኳት። በዚያ መሃል ሰብሳቢዋ ወደ ማይክሮፎናቸው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አንቺ ታግዢያቸዋለሽ?» አሉ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ወደ እኔ ዞረ። ደነገጥኩ። የያዝኩት ትንፋሽ በአንዴ ወጣ፤ ፊሽካዋም ጮኸች።

እንዴት እንደምትጮህ ታውቃለህ። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አስበው።

አስር አለቃ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከፊታቸው ያለውን አግዳሚ ዘለው አንዲት ሴትዮ እግር ሥር ወደቁ። ሸምበቆ ሁለት አግዳሚ አልፎ ግድግዳ ሥር ተለጠፈ፤ ከረባቱ በጀርባው ዞሯል። ከሌሎቹ ቡድኖች የመጡት ሰዎችም እንደዚያው፣ አንዱ በመስኮት በኩል ሊወጣ ሲል ነው የደረሱበት። አባዬ በኮቱ እንዳለ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ከማይክሮፎኑ ጋር ወዲያ ወደቀ፤ የወደቀበት ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ እንደ ነጎድጓድ አስተጋባ። ሌላው ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ሳቁ ፈነዳ። ሰው ዓይኑ እስኪያነባ ነው የሳቀው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ እግሬ ሥር ያለውን ወለል እያየሁ ነበር። አባዬን ለማሳፈር ፈልጌ እንኳ ከዚያ የባሰ አላደርግም ነበር።

አባዬ ግን ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ፣ ማይክሮፎኑን ከወለሉ አነሳ። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ጆሯችን ነው» አለ። «ይህችን ድምፅ ስንሰማ አስበን አይደለም የምንዘለው። ያሰበ አይተርፍም።» ሳቁ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ መኪናው እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ አላችሁ ብለው ጠየቁት። አባዬም «አሁን ያያችሁትን ያህል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያንሳል» አላቸው። አስር አለቃ ያን ጊዜ ገና ከሴትዮዋ እግር ሥር አልተነሱም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምላሱ ተፈታ። የተለማመደውን ተወው። የምነግርህ አሁን የዚያን ዕለት ያለውን ነው፤ ከራሴ የጨመርኩበት የለም። እንዲህ አለ። እኛ መኪና ስናነሳ አንድ ሰው ዓይን ይሆንልናል። ዓይን ፊቱ ወደሚመጣው መኪና ነው፤ ከኋላው ምን ቢሰማ ወደ ወደቀው መኪና አይዞርም። አደጋ ሲመጣ አንዴ ይነፋል፣ ወዲያው ራሱም ከመንገዱ ዳር ብረት ወዲያ ይዘላል። ልጄ የኛ ዓይን ነበር። የዚያን ቀን ጠመዝማዛው ላይ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ እኔ ከተገለበጠው መኪና ሥር ገብቼ ሰንሰለት አስር ነበር፤ የክሬኑ ሞተር ጆሮዬን ደፍኖታል። አንድ ጭነት የያዘ መኪና ፍሬኑን እየያዘ ሲንሸራተት መጣ። ልጄ በጊዜው ነፋ። ሁለቱ የሥራ ጓደኞቻችን ዘለሉ። እኔ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ሲደርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። «ልጄ በሥራ ዘመኑ አንዴ ብቻ ወደ ኋላ ዞሯል፤ እኔ መውጣት አለመውጣቴን ለማየት ነው» አለ። «እንዳልወጣሁ ሲያይ ጎንበስ ብሎ በእግሬ በኩል ሁለተኛ ነፋ። እሷን ሰምቼ ወጣሁ። ሁለተኛዋ ፊሽካ የራሱ መዝለያ ጊዜ ነበረች። ለእኔ ሰጠኝ።» ቀጥሎም አዳራሹን ሳይሆን እጁን እያየ፣ በድንጋጤ ምነው ቀደም ብለህ ብትነፋ ብዬዋለሁ፣ ልጄ ግን አልዘገየም፣ ይህንን እዚህ የምለው እዚያ ልለው ስላልቻልኩ ነው አለ።

ወንድምዓለም፣ እኔ አባዬን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሸምበቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከረባቱን የሚያስተካክል መስሎ ነበር። እኔ ያንተ እህት ስለሆንኩ ደረቴ ሞላ። አንገቴን ደፍቼ የገባሁበት አዳራሽ ውስጥ ቀና ብዬ ሰዉን አንድ በአንድ አየሁት። የሚያፍረው ሌላ ነበር፣ እኔ አይደለሁም።

መጨረሻ ላይ ለባለንብረቶቹ ወኪል መለሰላቸው። ብረት ነው የምናነሳው መባሉ እውነት ነው፣ ብረቱን ካላነሳነው ግን ከኋላ የሚመጣው ሰው ይላተምበታል፣ ሰውየው ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ስላወቅነውም አይደለም የምናነሳው አለ። ቢጫው መብራት ሲበራ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ራቅ ይበልልን፣ ሌላ አንለምንም ብሎ ቁጭ አለ። ወኪሉም እጃቸውን አወጡና፣ በዚያ በሚያምረው ድምፃቸው ሳይሆን ቀስ ብለው «ልጁ በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁ። አባዬ «አለ። ሩቅ ነው» አለ። ሰውየው በቅጣቱ ነገር እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል፤ ፍጥነት ይቀነስ የሚለውን ግን ከዚያ በኋላ አልተቃወሙም። ያ ከኋላ ስም የጨመረላቸው ሰውዬ መቼ እንደወጣ አላየሁም።

ሕጉ ሲጸደቅ ስሙ እንዲህ ረጅም ሆኖ መጣ። አስር አለቃ «ይህን ስም አንብበን ሳንጨርስ መኪናው ይደርስብናል» አሉና የዓይን ሕግ ብለው አሳጠሩት። አሁን ቡድኖቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ቢጫ መብራት ያየ ሹፌር ወደ ሌላኛው መስመር መራቅ አለበት፤ ቦታ ካጣ በእግር የሚሄድ ሰው እስኪቀድመው ድረስ ቀስ ይላል። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ መስመሩን ሳይዘጋ ማንም ከመኪና ሥር አይገባም፣ ቶሎ በሉ ብሎ የሚያስገድደን አለቃም ይጠየቃል። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው እስኪድን ይታከማል። በፖሊስ ትእዛዝ ተጠንቅቀን ስናነሳ መኪናው ቢጫጫር ባለቤቱ ሊከሰን አይችልም። አንድ አንቀጽ ደግሞ አባዬ ያስጨመረው አለ። ሰብሳቢዋ የምትጨምሩት አለ ወይ ሲሉት፣ ሰው ከመኪና ሥር ካለ የክሬኑ ሞተር ይጥፋ ብሎ አስጻፈ። ለምን ሲሉት «ሁለተኛ ፊሽካ እንዳያስፈልግ» አለ። ያች አንቀጽ ያንተ ናት። በየግቢው ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች፤ ስምህ የለባትም፣ እኛ ግን እናውቃለን።

የመክሰሱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ስለ ተሰበረ የጎን መስታወት አባዬን ፍርድ ቤት ሲያመላልሰው የኖረው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? በቀደም ስልኩ ሲጮኽ አነሳሁት፤ በድምፁ አወቅሁት። መኪናው መሃል መንገድ ላይ ቆማበታለች። ማን ጋ እንደደወለ ሲያውቅ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም በማለት እሱ እኔን አይችለኝም። በመጨረሻ «ይመጣሉ ወይ?» አለኝ። አባዬ ራሱ ሄደለት። ከመጎተቱ በፊት የገዛ ሹራቡን አውልቆ መስታወቷን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ አስሮ ነው ያመጣት። ሰውየው ሹራቡን አጥቦ መለሰ፤ ክሱን ግን እስካሁን አላነሳም። እንግዲህ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርህ። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ሳምንት እዚያው ጠመዝማዛው ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገለበጠ። ሰው አልተጎዳም፤ የጫነው ካልሲና ጨርቃ ጨርቅ ነበር፣ ሜዳው ሁሉ ካልሲ ለበሰ። አባዬ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ቢሮው መስኮት አየና «ነይ» አለኝ። ስልኩን ምሳ ይዛ ለመጣችው እማዬ ሰጥቼ ሄድኩ። ከመንገዱ ዳር ብረት ወዲያ አቆመኝ፤ ያ መኪና አንተን ከመታበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ትራፊኩ መስመሩን ዘጋ። ሸምበቆ ባንተ ቦታ ዓይን ሆኖ ቆመ፣ ፊሽካ በአፉ። አባዬ ሊገባ ሲል አስር አለቃ ሞተሩን አጠፉ። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰለህ፤ የሰንሰለቱ ቀለበት አንድ በአንድ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። መኪናዎቹ ቢጫውን መብራት ሲያዩ ከሩቁ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ፣ አንዱ አንዱን ተከትሎ፣ ውኃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ወደዚያኛው ወገን ፈሰሱ። ትልቁም ትንሹም። አንድ ሚኒባስ ብቻ እየበረረ አለፈ፤ ትራፊኩ ወዲያው አስቆመው። ሹፌሩ «ለጥንብ አንሳ ነው እንዴ ፍሬን የምይዘው?» ሲል ሰማሁት፤ ትራፊኩም መንጃ ፈቃዱን እየተቀበለ «አዎ፣ ለእነሱ ነው» አለው። ሌላ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ደግሞ ቀስ እያሉ ሲያልፉ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «በርቱ ልጆቼ» አሉ። አስር አለቃ በመስኮት ስድብ እንጂ ሌላ ስለማያውቁ ሳይሰሙ «አንተ ራስህ» ብለው መለሱላቸው። ኋላ ስንነግራቸው ሽማግሌውን ፈልጌ ይቅርታ ካልጠየቅሁ እያሉ ይኸው እስከ ዛሬ የዚያን መኪና ቀለም ያጠያይቃሉ።

አባዬ ሰንሰለቱን አስሮ ከመኪናው ሥር ወጣ። ሁልጊዜ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ ሆኖ እንደሚወጣ ታውቃለህ። የዚያን ቀን ቀጥ ብሎ ቆመ። የተዘጋው መስመር ባዶውን ነበር። ቆቡን አውልቆ ያንን ባዶ መስመር ብዙ አየው። ቁመቱ ያን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር ወንድምዓለም። ሸምበቆ ሥራው እስኪያልቅ አንድም ጊዜ አልነፋም።

ወደ ሥራው ተመለስ ልልህ አይደለም የምጽፍልህ። አባዬም እንደዚያ አይልም። እሱ ይህን ሥራ አይተውም፣ ያንንም ልደብቅህ አልፈልግም፤ ግን ያኔ ትተኸው የሄድከው መንገድ አሁን ሌላ ነው፣ ያደረግኸውም አንተ ነህ። ፊሽካህን አልላክሁልህም፤ ሸምበቆ የራሱ አዲስ አለው፣ ያንተዋን አባዬ ወደ ምስማሯ መልሶ ሰቅሏታል። ሰው ሲነካት ያያል።

እማዬ ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ ወፍራም ካልሲ በሰው ልካልሃለች፣ ከሜዳው የተለቀመ እንዳይመስልህ፣ በእጇ የሠራችው ነው። ትንሿ እህታችን ጥርሷ ወልቋል፣ እንድነግርህ ብላ ለምናኛለች፤ ነገርኩህ። አስር አለቃ በወታደር ሰላምታ ሰላም ብለውሃል። ሸምበቆ በሩ ካንተ በኋላ ዝቅ ብሏል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኛል። አክስታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለባለቤቷ እግዜር ይማርዎ በልልኝ፤ ያንን ፈረሰኛም ጉንጩን ሳምልኝ። አባዬ ሰላም በይልኝ አላለም፤ ለማን እንደምጽፍ ግን ያውቃል፣ ይኸው ወረቀት እንዳያልቅብኝ ሁለት ሉህ ጨምሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከሥራ በኋላ እዚህ በር ላይ ተቀምጦ መንጠቆ ዘይት ይቀባል፤ የተቀባውን መልሶ ይቀባዋል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጁን ከሥራው ላይ ያነሳል። እኔ «መኪናው የት ነው የወደቀው?» ብዬ ስጠይቅ ይሰማና ተመልሶ ወደ መንጠቆው ያጎነብሳል። አንድ ቀን ያንን ጥያቄ ሳልጠይቅ ስልኩን በቀጥታ ብሰጠው ደስ ይለኛል።

የምትሳሳልህ ታናሽ እህትህ

ከሥራ ግቢያችን፣ ከስልኩ አጠገብ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ባባራ ማግስት